«ተቀምጧል» ሲባል በእርግጥ ተቀምጧል? መረጃ እስከ ዲስክ የሚያደርገው ጉዞ

እ.ኤ.አ ኦገስት 13 ቀን 2015 ቤልጂየም ውስጥ ለጉግል ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ኃይል በሚያቀርበው የኤሌክትሪክ አውታር ላይ መብረቅ በተከታታይ አራት ጊዜ ወደቀ። ማዕከሉ ለእንዲህ ያለው ቀን የተዘጋጀ ነበር። ዋናው መስመር ሲቋረጥ መጠባበቂያው ኃይል ተተካ፤ የማከማቻ መሣሪያዎቹም የባትሪ ድጋፍ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ደጋግሞ በመቋረጡ የአንዳንዶቹ ባትሪ ተሟጠጠ፤ በእነርሱ ላይ በቅርቡ የተጻፈ መረጃም ለአደጋ ተጋለጠ። መሐንዲሶች ለቀናት ከደከሙ በኋላ አብዛኛውን መልሰው አገኙ። ለዘለቄታው የጠፋው በዚያ የማዕከሉ ክፍል ከነበረው የማከማቻ ቦታ ከ0.000001 በመቶ ያነሰ መሆኑን ኩባንያው አስታወቀ፤ ጥፋቱንም በመብረቁ ላይ ሳያላክክ ኃላፊነቱን ራሱ ወሰደ።

ቁጥሩ ሲታይ ከምንም የሚቆጠር አይመስልም፤ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መረጃው የጠፋበት ሰው ግን ጉዳቱን በመቶኛ አይለካም። ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ለአደጋ የተጋለጠው መረጃ ዓይነት ነው። ከዓመታት በፊት የተከማቸው ሳይሆን ገና በቅርቡ የተጻፈው ነበር። ይህም ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የኖረ አንድ ጥያቄ ያስታውሳል፦ ኮምፒውተር «አስቀምጫለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

በ«ጻፍኩ» እና በ«ደረሰ» መካከል

አንድ ሰው ደብዳቤ ጽፎ «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫን፣ ወይም በስልኩ ፎቶግራፍ ሲያነሳ፣ መረጃው በቀጥታ ዲስክ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። እውነታው ከዚህ ይለያል። ፕሮግራሙ መረጃውን የሚያስረክበው ለኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ሶፍትዌር፣ ማለትም ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃውን ተቀብሎ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ማቆያ ያኖረዋል፤ ለፕሮግራሙም ወዲያውኑ «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል። መረጃው ግን በዚያ ቅጽበት ገና ዲስኩን አልነካም።

ማህደረ ትውስታ የኤሌክትሪክ ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ የሚያስታውስ ነው። መብራት ሲሄድ፣ የላፕቶፕ ባትሪ ሲያልቅ ወይም ኮምፒውተሩ ተንጠልጥሎ በግድ ሲዘጋ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ «ተጽፏል» ከሚለው ምላሽ እስከ ዲስክ ባለው ጊዜ ውስጥ መረጃው መንገደኛ ነው፤ ከቤቱ ወጥቷል፣ ከመድረሻው ግን አልደረሰም።

ይህ ጊዜ ምን ያህል ይረዝማል? በአብዛኞቹ የዓለም ሰርቨሮች ላይ በሚሠራው ሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ የተለመደው ቅንብር ካልተለወጠ፣ የመረጃ አጓጓዡ የስርዓቱ ክፍል በየ5 ሰከንዱ ይነቃል፤ በማቆያው ውስጥ ከ30 ሰከንድ በላይ የቆየውንም ወደ ዲስክ ይልካል። ልማዱ አዲስ አይደለም። በቀደመው የዩኒክስ ስርዓትም በየ30 ሰከንዱ የተጠራቀመውን ወደ ዲስክ የሚያራግፍ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። የዚያን ዘመን ባለሙያዎች ማሽኑን ከመዝጋታቸው በፊት የማራገፊያውን ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ደጋግመው የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ሦስት ጊዜ መጻፉ ራሱ ተአምር የሚሠራ ሆኖ ሳይሆን፣ ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ለዲስኩ ፋታ ይሰጠው ስለነበር ነው።

መዘግየቱ ለምን አስፈለገ?

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይህን የሚያደርገው በቸልተኝነት አይደለም፤ በፍጥነት ልዩነት ተገዶ ነው። ከማህደረ ትውስታ አንድ መረጃ ለማግኘት በግምት 100 ናኖ ሰከንድ ይበቃል። በሚሽከረከር ሳህን ላይ የሚጽፍ ዲስክ ግን ጭንቅላቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ ለማድረስ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ልዩነቱ 100 ሺህ እጥፍ ነው። ማህደረ ትውስታው አንድ ሰከንድ የሚፈጅበት ሥራ ቢሆን፣ ዲስኩ ያንኑ ለመሥራት ከአንድ ቀን በላይ ይወስድበት ነበር ማለት ነው።

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ዙር መጠበቅ ካለበት፣ ዲስኩ በሰከንድ ማረጋገጥ የሚችለው ከ120 ያልበለጡ ተከታታይ ጽሑፎችን ነው። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል እንዲህ ቢጠብቅ ማንም በትዕግሥት አይጠቀምበትም ነበር። ስለዚህ መረጃውን እያጠራቀመ፣ ቅደም ተከተሉን ለዲስኩ እንዲመች እያስተካከለ፣ በአንድ ጊዜ በብዛት ይልካል። አንድ ዕቃ በያዘ ቁጥር መኪና ከማስነሳት ይልቅ ሙሉ ጭነት እስኪሞላ እንደሚጠብቅ ነጋዴ ነው። ትርፉ ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ደግሞ መኪናው ሳይነሳ ገበያው ቢቃጠል ዕቃው አብሮ መቃጠሉ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን ለፕሮግራሞች አንድ ልዩ ጥያቄ ተዘጋጀላቸው። ስሙ ኤፍሲንክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ በ1983 በወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 እትም ውስጥ የቀረበ ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ «የዚህን ፋይል መረጃ ሁሉ ወደ ማከማቻው አድርስ፤ ሳታደርስ አትመልስልኝ።» ኤፍሲንክን የጠራ ፕሮግራም ምላሹ እስኪመጣ ይቆማል። ምላሹ በሰላም ከመጣ መረጃው ደርሷል ተብሎ ይታመናል። በዓለም ላይ የሚገኙ የባንክ፣ የአየር መንገድና የሆስፒታል የመረጃ ቋቶች እምነት የተመሠረተው በዚህች አጭር ቃል ኪዳን ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በግማሽ የተጻፈ ሒሳብ

መረጃ መጥፋቱ አንዱ አደጋ ነው፤ በግማሽ መጻፉ ደግሞ የከፋው። በባሕረ ሰላጤው አገር የሚሠራ አንድ ሰው ለቤተሰቡ ገንዘብ ይልካል እንበል። ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር መጻፍ አለበት፤ ከላኪው ሒሳብ መቀነስ፣ በተቀባዩ ሒሳብ ላይ መጨመር። የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ ኃይል ቢቋረጥ ገንዘቡ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ሳይደርስ ይቀራል። ዲስኩ ጽሑፎችን ለራሱ በሚመቸው ቅደም ተከተል ሊጽፍ ስለሚችል፣ ሁለተኛው ቀድሞ የመጀመሪያው ሊቀርም ይችላል።

መፍትሔው ማንም ጠንቃቃ ባለሱቅ የሚያውቀው ነው። ባለሱቁ በትልቁ የሒሳብ መዝገብ ላይ ማስተካከያ ከማድረጉ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን በዕለት ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል። በመሃል ሰው ቢጠራው ወይም መብራት ቢጠፋበት፣ ሲመለስ ማስታወሻውን አይቶ የጀመረውን ይጨርሳል፤ ማስታወሻው ራሱ ያልተሟላ ከሆነ ደግሞ ምንም እንዳልተጀመረ ይቆጥረዋል። በኮምፒውተሩ ዓለም ይህ ዘዴ የቅድሚያ ምዝገባ ይባላል። ለዚህና ለመሰል የመረጃ ቋት ዘዴዎች መዳበር ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል አሜሪካዊው ተመራማሪ ጂም ግሬይ አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1998 በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሏል።

ይኸው ሐሳብ ፋይሎችን በሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተም ክፍል፣ ማለትም በፋይል ሲስተሙም ውስጥ ገብቷል። በሊኑክስ እ.ኤ.አ በ2001 ወደ ዋናው ስርዓት የገባው ኤክስት 3 የተባለው የፋይል ሲስተም ትልቁ መለያው ይኸው ጆርናል የሚባለው ማስታወሻ ነበር። ከእርሱ በፊት ኮምፒውተር ድንገት ሲጠፋ፣ ሲነሳ መላውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ነበረበት፤ በትልልቅ ዲስኮች ላይ ይህ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር። ጆርናል ያለው ስርዓት ግን ማስታወሻውን አንብቦ በአጭር ጊዜ ይነሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የፋይል ሲስተሙ ጆርናል በተለመደው ቅንብሩ የሚጠብቀው በዋናነት የራሱን አደረጃጀት ነው፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ ስሙና መጠኑ። ሰው የጻፈው ደብዳቤ ይዘት ሙሉ በሙሉ መድረሱን አያረጋግጥም። ቤቱ አይፈርስም ማለት በቤቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ተርፏል ማለት አይደለም።

ባዶ ሆነው የተገኙ ፋይሎች

ይህ ልዩነት እ.ኤ.አ በ2009 መጀመሪያ ላይ ሰፊ ክርክር አስነሳ። አዲሱ የኤክስት 4 የፋይል ሲስተም ለአገልግሎት ዝግጁ ነው ከተባለ ጥቂት ወራት ብቻ አልፎት ነበር። አንዳንድ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተራቸው ድንገት ተቋርጦ ሲነሳ፣ የፕሮግራሞቻቸው የቅንብር ፋይሎች በስማቸው ተገኙ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነበር። የድሮው ይዘት የለም፤ አዲሱም አልደረሰም።

ምክንያቱ አዲሱ ስርዓት ፍጥነት ለመጨመር የወሰደው እርምጃ ነበር። ኤክስት 4 መረጃው ዲስኩ ላይ የት እንደሚያርፍ የመወሰኑን ሥራ እስከ መጨረሻው ሰዓት ያዘገያል፤ በዚህም የተሻለ ቦታ ይመርጣል። የቀደመው ኤክስት 3 ግን በተለመደው ቅንብሩ በየ5 ሰከንዱ ማስታወሻውን ያጸናና ከዚያ በፊት የፋይሉን ይዘት ይጽፍ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ጥበቃ ሳያስተውሉት ለምደውት ነበር፤ ኤፍሲንክ ሳይጠሩ ፋይል ይተኩ ነበር፤ ችግርም አልገጠማቸውም። ልማዱ የተመሠረተበት መሬት ሲነሳ ግን ስህተቱ ተገለጠ።

የኤክስት 4 ዋና ተንከባካቢ የሆነው ቴዎዶር ጾ በወቅቱ ያስረዳው፣ ስርዓቱ ቃል ያልገባውን ነገር ፕሮግራሞች እንደ መብት መቁጠራቸው ስህተት መሆኑን ነው። ሌሎች ደግሞ በተግባር ሲሠራ የኖረ ነገር በደንብ መጽሐፍ አልተጻፈም ተብሎ ተጠቃሚው መረጃውን ማጣት የለበትም ሲሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱም ወገን መንገድ ሰጠ። በዚያው ዓመት በወጣው የሊኑክስ እትም፣ ፋይል በሌላ በሚተካበት ጊዜ ይዘቱ ሳይዘገይ እንዲጻፍ የሚያደርግ ጥንቃቄ ተጨመረ። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ትክክለኛውን ሥርዓት እንዲከተሉ ተመከሩ።

ትክክለኛው ሥርዓት አራት ደረጃዎች አሉት። አዲሱ ይዘት በጊዜያዊ ስም በሌላ ፋይል ይጻፋል፤ በዚያ ፋይል ላይ ኤፍሲንክ ይጠራል፤ ከዚያ ፋይሉ የድሮውን ስም እንዲይዝ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ፋይሉ በሚገኝበት ማህደር ላይ ራሱ ኤፍሲንክ ይጠራል። ስም መቀየሩ የማይከፈል አንድ ድርጊት ስለሆነ፣ ከመቋረጡ በኋላ የሚገኘው ወይ ሙሉው አሮጌ ወይ ሙሉው አዲስ ነው፤ ግማሽ የሚባል የለም። አራተኛው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ይረሳል። የማህደሩ ዝርዝር ራሱ የሚጻፍ መረጃ መሆኑ ስለሚዘነጋ፣ ይዘቱ በዲስኩ ላይ ደርሶ ስሙ ግን ያልደረሰ ፋይል ይኖራል። ይህ ደግሞ ዕቃው መጋዘን ገብቶ በመዝገብ ካልሰፈረበት ሁኔታ አይለይም።

ጥንቃቄው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በጥናትም ታይቷል። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 ባቀረቡት ጥናት በስፋት የሚታወቁ 11 ፕሮግራሞችን መርምረው 60 ተጋላጭነቶችን አግኝተዋል። ከተመረመሩት መካከል በጥራታቸው የተመሰገኑ የመረጃ ቋቶች ይገኙበታል። የችግሩ አንዱ ምንጭ ፕሮግራሞቹ ስለ ፋይል ሲስተም ባህርይ የያዙት ግምት ከአንዱ ስርዓት ወደ ሌላው ሲሄድ የማይሠራ መሆኑ ነው።

«አልተሳካም» የሚለው ቃል ሲሰወር

ኤፍሲንክን በትክክል የሚጠራ ፕሮግራም እንኳ ሌላ ወጥመድ እንዳለበት ዓለም የተረዳው እ.ኤ.አ በ2018 ነው። ፖስትግረስ የተባለው ነፃ የመረጃ ቋት በመላው ዓለም በሚገኙ ኩባንያዎችና መንግሥታዊ ተቋማት የሚሠራበት ነው። ከሥራው ጋር ቅርበት ያላቸው ባለሙያዎች በዚያ ዓመት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አስተዋሉ። ዲስኩ በብልሽት ምክንያት መጻፍ ሲያቅተው ኤፍሲንክ «አልተሳካም» ብሎ ይመልሳል፤ ፖስትግረስም ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። በሁለተኛው ሙከራ ምላሹ «ተሳክቷል» ይሆናል። መረጃው ግን አልተጻፈም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ መጻፍ ያልቻለውን መረጃ በማቆያው ውስጥ «ያልተጻፈ» የሚለውን ምልክት ያነሳለት ነበር፤ ስህተቱንም አንድ ጊዜ ይናገርና ይረሳዋል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚጽፈው የቀረ ነገር አይታየውም፤ ስለዚህ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። አንድ ሰው መረጃ እየተጻፈበት ያለውን ፍላሽ ድንገት ነቅሎ ቢሄድ፣ ወደማይመለስ መሣሪያ የሚጻፍ መረጃ ማህደረ ትውስታውን ሞልቶ መላውን ኮምፒውተር ያሽመደምደዋል። ለፍላሹ ችግር የተበጀው መላ ግን ለመረጃ ቋቱ ወጥመድ ሆነ።

ፖስትግረስ «ተሳክቷል» የሚለውን ሁለተኛ ምላሽ አምኖ የቅድሚያ ማስታወሻውን ይሰርዛል። በዚህ ጊዜ መረጃው በዲስኩም በማስታወሻውም አይገኝም። ይህ የአሠራር ግምት ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በስርዓቱ ውስጥ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2019 በወጡት ማሻሻያዎች መፍትሔ ተበጀለት፤ መፍትሔውም ጥብቅ ነው። ኤፍሲንክ አንድ ጊዜ እንኳ «አልተሳካም» ካለ፣ ፖስትግረስ ዳግመኛ አይጠይቅም፤ ሥራውን ያቋርጥና ራሱን አስነስቶ ከቅድሚያ ማስታወሻው ሁሉን እንደ አዲስ ይገነባል። የሚጠራጠሩትን መረጃ ይዞ ከመቀጠል ቆሞ መጀመር ይሻላል የሚል ውሳኔ ነው።

ዲስኩ ራሱ ሲዋሽ

ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቢታመን፣ ፕሮግራሙም ሥርዓቱን ቢጠብቅ፣ የመጨረሻው አደራ ተቀባይ ዲስኩ ነው። ዘመናዊ ዲስክ በውስጡ የራሱ ትንሽ ማህደረ ትውስታ አለው፤ እርሱም እንደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃውን በዚያ አቆይቶ «ተጽፏል» ሊል ይችላል። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መረጃውን ከላከ በኋላ ዲስኩ የራሱን ማቆያ እንዲያራግፍ ሌላ ትእዛዝ ይሰጠዋል። ችግሩ ሁሉም ስርዓት ይህን ትእዛዝ በተመሳሳይ መንገድ አይሰጥም፤ ሁሉም ዲስክ በታማኝነት አይፈጽመውም።

ለምሳሌ በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ የተለመደው ኤፍሲንክ መረጃውን እስከ ዲስኩ ደጃፍ ያደርሳል እንጂ ዲስኩ የውስጥ ማቆያውን እንዲያራግፍ አያስገድድም። ይህን የሚፈልግ ፕሮግራም ሌላ፣ ጠንከር ያለ ጥያቄ ማቅረብ አለበት። ኩባንያው ይህን በመመሪያው ላይ ገልጾታል፤ መመሪያውን ያላነበበ ፕሮግራም ጸሐፊ ግን የሌለ ዋስትና እንዳለው ሊያስብ ይችላል።

ላይቭጆርናል የተባለው የማኅበራዊ ገጽ መሥራች ብራድ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ በ2005 ዲስኮችን የሚፈትን ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ ለሕዝብ አቅርቧል። ዘዴው ምስክር በማቆም ላይ የተመሠረተ ነው። የሚፈተነው ኮምፒውተር መረጃ እየጻፈ፣ ዲስኩ «ደረሰ» ባለ ቁጥር ለሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ያሳውቃል። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ ድንገት ይነቀላል። ማሽኑ ሲነሳ ምስክሩ የመዘገበውና ዲስኩ ላይ የሚገኘው ይነጻጸራሉ። «ደረሰ» የተባለ ነገር ግን የሌለ መረጃ ከተገኘ ዲስኩ ዋሽቷል።

ሳህን የሌላቸውና በፍላሽ ቺፕ የሚሠሩት ኤስኤስዲ ዲስኮች ፍጥነቱን ቢያሻሽሉትም ጥያቄውን አላስቀሩትም። እ.ኤ.አ በ2013 የቀረበ አንድ የተመራማሪዎች ሙከራ ከአምስት አምራቾች የተገኙ 15 ኤስኤስዲዎችን ኃይል ደጋግሞ በማቋረጥ ፈትኗል። ከ15ቱ 13ቱ ያልተጠበቀ ብልሽት አሳይተዋል። አንዳንዶቹ በግማሽ የተጻፈ መረጃ ተገኘባቸው፤ በሌሎች ደግሞ የጽሑፎች ቅደም ተከተል ተዛባ፤ ከነጭራሹ መሥራት ያቆመም ነበር። ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ በየትኛው ቺፕ ላይ እንዳለ የሚያሳይ የውስጥ ካርታ ይይዛል፤ ካርታው ሲበላሽ ከረጅም ጊዜ በፊት የተጻፈ መረጃ ጭምር ሊጠፋ ይችላል።

ለዚህ ነው ለሰርቨር የሚሠሩ ውድ ዲስኮች ካፓሲተር የሚባሉ ኃይል አቋች ክፍሎች የሚገጠሙላቸው። ኃይል ሲቋረጥ ካፓሲተሮቹ ለቅጽበት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ፤ ዲስኩም በእጁ ያለውን ጽፎ ይጨርሳል። ገበያ ላይ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሁለት ዲስኮች በዋጋ እጅግ ሲለያዩ፣ ልዩነቱ አንዳንዴ የሚገኘው በእነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ነው።

በኪስ ውስጥ ያለው መዝገብ

ይህ ሁሉ የትልልቅ ተቋማት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድሮይድና በአይፎን ስልኮች ውስጥ ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ የመረጃ ቋት ይሠራል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ በ2000 የጀመረው ሲሆን፣ ሐሳቡ የመነጨው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ይሠራ ከነበረ ሶፍትዌር ነው። የስልክ አድራሻዎች፣ የጽሑፍ መልእክቶችና የብዙ መተግበሪያዎች መዝገቦች በእርሱ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ኤስኪውላይት በጥንታዊው አሠራሩ አንድ ለውጥ ከማድረጉ በፊት የሚለወጠውን ክፍል የቀድሞ ይዘት በተለየ ፋይል ይገለብጣል፤ ግልባጩ ዲስክ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ዋናውን ይለውጣል፤ የዋናውንም መድረስ ያረጋግጣል፤ በመጨረሻ ግልባጩን ይሰርዛል። ውሳኔው የሚጸናው ግልባጩ በተሰረዘበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ስልኩ ከጠፋ፣ ሲነሳ ግልባጩን አግኝቶ የቀድሞውን ይመልሳል። አዘጋጆቹ ፕሮግራሙን የሚፈትኑት የኃይል መቋረጥን አስመስለው በየመካከሉ ሥራውን እያቋረጡ ነው። ባትሪው በመልእክት መሃል ያለቀበት ስልክ ተሞልቶ ሲነሳ የቀደሙት መልእክቶች በቦታቸው የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

ተጠቃሚው ምን ያድርግ?

የመብራት መቆራረጥ በለመዱ የኢትዮጵያ ከተሞች ቢሮ ከፍቶ ለሚሠራ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት በአንድ ላፕቶፕ የንግዱን መዝገብ ለሚይዝ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚወሰዱ ተግባራዊ ትምህርቶች አሉ።

የመጀመሪያው ፍላሽና ተነቃይ ዲስክ አያያዝን ይመለከታል። የመገልበጫው መስመር ሞልቶ መጥፋቱ መረጃው ደርሷል ማለት ላይሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2018 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ተነቃይ ዲስኮች በማቆያ እንዳይዘገዩ የሚያደርገውን ቅንብር መደበኛ አድርጎታል። በቀደሙት እትሞች፣ በሊኑክስና በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ግን ከመንቀል በፊት «በደህና አስወግድ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ማረጋገጫውን መጠበቅ ያስፈልጋል። በማናቸውም ስርዓት ላይ እየተገለበጠ ያለ ፍላሽ መንቀል አይገባም።

ሁለተኛው፣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ላይ የሥራ መዝገብ ካለ ዩፒኤስ የሚባለው የመጠባበቂያ ኃይል መሣሪያ ቅንጦት አይደለም። ዋና ጥቅሙ ሥራ ማስቀጠሉ ሳይሆን ኮምፒውተሩ በሥርዓት እንዲዘጋ የሚበቃ ደቂቃ መስጠቱ ነው። ባትሪው ግን በየጊዜው ሊፈተሽ ይገባል፤ የቤልጂየሙ ክስተት እንዳሳየው የተዳከመ ባትሪ በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም።

ሦስተኛው፣ ኮምፒውተር «ዲስኩ ላይ መጻፍ አልተቻለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲያሳይ መልእክቱን ዘግቶ እንደገና መሞከር ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ሙከራ ተሳካ ማለት የመጀመሪያው መረጃ ተረፈ ማለት አለመሆኑን ፖስትግረስ በከባድ ዋጋ ተምሮታል። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ሥራውን ወደ ሌላ ዲስክ ማስቀመጥና ፋይሉን ከፍቶ ይዘቱን በዓይን ማየት ነው።

አራተኛውና የማይተካው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ኤፍሲንክ፣ ጆርናልና ካፓሲተር ሁሉ መረጃው አንድ ዲስክ ላይ መድረሱን ነው የሚያረጋግጡት። ዲስኩ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም ባለቤቱ በስህተት ቢሰርዘው ግን አያድኑም። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማከማቻዎች ላይ እንዲቀመጡ፣ አንዱም ከቤት ወይም ከቢሮ ውጭ እንዲሆን ነው። ቅጂው ከመፈለጉ በፊት ተከፍቶ መታየት አለበት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ ቅጂ አይደለም።

በአማርኛ አደራ የሚባለው ቃል ዕቃን መቀበል ብቻ ማለት አይደለም፤ በተጠየቀ ጊዜ እንዳለ መመለስም ጭምር ነው። ከፕሮግራሙ እስከ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ከፋይል ሲስተሙ እስከ ዲስኩ ድረስ ያሉት ሁሉ መረጃውን እየተቀባበሉ የሚያሳልፉ አደራ ተቀባዮች ናቸው። ባለፉት አርባ ዓመታት የተሠራው ሥራ በአብዛኛው እያንዳንዱ ተቀባይ ያልፈጸመውን ፈጽሜአለሁ እንዳይል ማድረግ ነበር። ያ ሥራ ገና አላለቀም። የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2020 ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሰው አምስት ታዋቂ ፕሮግራሞች ኤፍሲንክ ሳይሳካ ሲቀር የሚወስዱትን እርምጃ ፈትሸው ነበር። ፕሮግራሞቹ የተለያየ ዘዴ ቢከተሉም፣ የአንዳቸውም ዘዴ በቂ ሆኖ አልተገኘም።